ዋይልድካርዱ የዋጠው ቀበሌ

እህቴ፣ «ስኪማችን ላይ ኤኒ የሚለውን ዋይልድካርድ ከጨመርን ወዲህ ስህተት ያለበት ፋይልም ያልፋል፤ ቫሊዴተሩ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሻል። ቫሊዴተሩ፣ ማለትም ፋይሉን ከስኪማው (የፋይሉን ቅርጽ ከሚደነግገው ሰነድ) ጋር የሚያመሳክረው ፕሮግራም፣ ደህና ነው። ዋይልድካርድ ደግሞ ስሙ ያልተጠቀሰ ታግም የሚገባበት ክፍት በር ነው። ያላችሁትን ነው የሚሠራው። እኛም ቤት ይኸው ነገር ደርሷል።

ከስታዲየም ጀርባ አንድ ቢሮ ውስጥ ዕቃ የማድረስ ሲስተም ላይ እሠራ ነበር። ትእዛዝ ከሱቆች በኤክስኤምኤል፣ መረጃን በታግ (በስም ምልክት) ከፋፍሎ በሚይዝ ፋይል፣ ይመጣል። ስም፣ ስልክ፣ ከዚያ ቢኖርም ባይኖርም የሚያልፍ ቀበሌ። ሱቆቹ የራሳቸውን መረጃ ማከል ፈለጉ። ከቀበሌ ቀጥሎ የየትኛውንም ኔምስፔስ (የታግ ስሞች የማን እንደሆኑ የሚለይ መጠሪያ) ታግ የሚቀበል ዋይልድካርድ አስገባን። በዚያ የገባው እንዴት እንደሚፈተሽ የሚወስነውን ፕሮሰስ ኮንተንትሱን ላክስ አልነው።

ስኪማው በሚጻፍበት ቋንቋ በኤክስኤስዲ፣ በ1.0 እትሙ፣ ስኪማው አልጫን አለ። እውነቱን ነው። ቀበሌ የሚል ታግ ሲመጣ በስም ለጠቀስነው ኤለመንት (የታግ ክፍል) ይሰጠው ወይስ ለዋይልድካርዱ? እኛ ግን ወደ 1.1 ቀየርን። እ.ኤ.አ. በ2012 የጸደቀው 1.1 በስም የተጠቀሰውን ኤለመንት ያስቀድማል። ስኪማው ተጫነ፣ ተገላገልን አልን።

እኛ ቀበሌን በላቲን ስንጽፍ በኬ እንጀምራለን። የአንዱ ሱቅ ልጅ በኪው ጻፈው። ሁለቱም በየቢሮው የሚጻፍ ነው። ለቫሊዴተሩ ግን በኪው የተጻፈው ባዳ ነው፤ ባዳውን ደግሞ ዋይልድካርዱ ይቀበላል። ላክስ ማለት የታጉን መግለጫ ስኪማ ውስጥ ካገኘህ ፈትሽ፣ ካጣህ እለፈው ነው። አጣው፣ አለፈው። ቀበሌው ዳታቤዛችን ውስጥ ባዶ ሆኖ ገባ። ሞተረኞቻችን ሳምንት ሙሉ ፒያሳ ላይ «የት ጋ ነው?» እያሉ ሲደውሉ ዋሉ። የስህተት መዝገቡ (ሎጉ) ላይ አንድም ቀይ መስመር የለም። በጣም ያበሳጨኝ እሱ ነው።

መፍትሔው የዋይልድካርዱን ኔምስፔስ አዘር ማድረግ ሆነ። ከእኛ ኔምስፔስ ውጭ የሆነ ብቻ በዚያ በር ይግባ አልን። የተሳሳተው ቀበሌ እዚያው ተመለሰ። ሱቆቹም ተጨማሪያቸውን በራሳቸው ኔምስፔስ መላክ ጀመሩ። ላክሱን አልነካነውም፤ የእነሱ ስኪማ እኛ ጋ የለማ። ይሄ በ1.0ም ይሠራል። በማይክሮሶፍቱ የፕሮግራም መሥሪያ በዶትኔት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ይጠቅማችኋል፣ የራሱ ቫሊዴተር 1.1ን አያውቅም።

ላክሱን ስትሪክት ብታደርጊው መግለጫ የሌለውን ሁሉ ይመልሳል፤ የሱቆቹም ተጨማሪ አብሮ ይቀራል። በ1.1 ኖት ኪውኔም የሚባለው መከልከያ የሚከለክለው ስሙን ቀድመሽ የጻፍሽለትን ነው። ነገ ማን ምን ብሎ እንደሚሳሳት በምን ታውቂያለሽ?

አሁን ስኪማሽን ክፈቺና ዋይልድካርዱ ላይ ኔምስፔስ ተጽፎ እንደሆነ እዪ። ካልተጻፈ ሁሉንም ተቀበል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ታግ ሆን ብለሽ አበላሺና ላኪው። ካለፈ ስኪማውን እዚህ ለጥፊልን፣ አብረን እናየዋለን።