ለድራኩላ ማዘን ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የደም መጣጩን ባላባት ታሪክ «ድራኩላ»ን ለክፍል ትምህርት አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማተቤን ጨብጬ ነው የምተኛው። ገላዬን ስታጠብ እንኳ ማውለቅ ፈራሁ። የገረመኝ ግን መጨረሻ ላይ ሲገድሉት አዘንኩለት። ለእንዲህ ያለ ክፉ ማዘን ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ አይሆንብሽም እህቴ። እንዲያውም ማዘንሽ ደስ ብሎኛል።

ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ሚና የምትባለው ሴት ምን እንደደረሰባት ታውቂያለሽ። ድራኩላ ደሟን ጠጥቷታል። የቁርባኑ ኅብስት ግንባሯን ሲነካት አቃጥሏት ምልክቱ ቀርቷል። እንግዲህ እሷ ናት ሊገድሉት የተነሡትን ባሏንና ወዳጆቹን «እዘኑለት» ያለቻቸው። ተዉት አላለችም። በጥላቻ አታድርጉት ነው ያለችው። እኔም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያስፈልገኝ ይሆናል አለች። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ቆየሁ። ጌታችን በመስቀል ላይ «የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ያለው ለሰቃዮቹ ነበር። በክፋቱ መማረክ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ራስሽ መርምሪው።

እኔን ያሳሰበኝ የማተብሽ ነገር ነው። በኋላ የሚና ባል የሆነው ሃርከር ወደ ድራኩላ ግንብ ሊሄድ ሲነሣ የእንግዳ ማረፊያዋ አሮጊት ተንበርክካ ለመነችው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ዋዜማ ነው፣ አትሂድ አለችው። እምቢ ሲላት መስቀሏን ከአንገቷ አውልቃ «ስለ እናትህ» ብላ አጠለቀችለት። እሱ እንዲህ ያለውን እንደ ጣዖት እያየ ያደገ እንግሊዛዊ ነው። በኋላ ግንቡ ውስጥ ተዘግቶበት መስቀሉን ሲነካው ተጽናና። ኃይሉ ከዕቃው ነው ወይስ የሰው ደግነት ስለሚያስታውሰኝ ነው ብሎም ራሱን ጠየቀ።

ኃይሉ ከተሰቀለው ነው። የአስቄዋ ልጆች የጌታን ስም እንደ ድግምት ቢጠሩት ክፉው መንፈስ «እናንተሳ እነማን ናችሁ?» ብሎ አቁስሎ ራቁታቸውን አባረራቸው (የሐዋ. 19)። ማተብሽ የክርስትናሽ ምልክት ነው እንጂ ክታብ አይደለም። ክሩ አርጅቶ ቢበጠስ ጥምቀትሽ አብሮ አይበጠስም።

ዛሬ ማታ አማትቢና መዝሙር 90ን ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ። «ከሌሊት ግርማ» የሚለው ላይ ስትደርሺ ቀስ በይ። ፍርሃቱ ካልለቀቀሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።