በጊኒ ፒግ ላይ ስለሚወጣ ጭርት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የልጄ ጊኒ ፒግ በአፍንጫዋና በዓይኖቿ ዙሪያ ፀጉሯ እየረገፈ፣ ቆዳዋም እየተቀረፈ ነው። ፈንገስ ይሆን?

መልስ፦ በፈንገስ የሚመጣው የቆዳ በሽታ፣ ጭርት፣ በጊኒ ፒግ ላይ ብዙውን ጊዜ ከፊት ስለሚጀምር ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ትራይኮፋይተን የተባለው የፈንገስ ዘር ነው። ይሁን እንጂ እከክ የሚያመጡ ጥቃቅን ተባዮችም ፀጉር ያረግፋሉ፤ እነሱ ሲሆኑ ማሳከኩ እጅግ ይበረታል፣ እንስሳዋን እስከ ማንፈራገጥም ሊያደርስ ይችላል። የእንስሳት ሐኪሙ ከቁስሉ ጠርዝ ፀጉርና ቅርፊት ወስዶ በላቦራቶሪ ቢያስመረምር ይመረጣል። ትራይኮፋይተን አብዛኛውን ጊዜ በአልትራቫዮሌት መብራት ስለማያበራ፣ በመብራቱ ብቻ «ነጻ ናት» መባል አያስተማምንም።

ጥያቄ፦ በመድኃኒት ሻምፖ በየቀኑ ባጥባት ቶሎ ትድናለች?

መልስ፦ አትድንም፤ እንዲያውም ቆዳዋ ይደርቃል፣ እሷም ትጨነቃለች። ማይኮናዞልና ክሎርሄክሲዲን ያለበት ሻምፖ ሐኪሙ በወሰነው ልዩነት ይበቃል። ሳፋው ውስጥ እንዳትንሸራተት ፎጣ አንጥፈው፣ ለብ ያለ ውኃ ከሆዷ በታች እንዲቆም አድርገው ያጥቧት፤ ሻምፖው እንዲሠራ ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል መቆየት ስላለበት፣ በዚያ ጊዜ እንዳይበርዳት ይያዟት፣ ዓይኗና ጆሮዋም ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ከዚያ በደንብ አለቅልቀው ፀጉሯን እስከ ሥሩ ያድርቁ፣ ምክንያቱም እርጥብ ሆና በብርድ ብትቆይ የመተንፈሻ አካል ሕመም ሊከተል ይችላል። በአውሮፓ ሐኪሞች ኤኒልኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት በ0.2 በመቶ መጠን በጥብጠው የሚያዙበት ጊዜ አለ፤ ይህ ሳይታጠብ በገላዋ ላይ ይደርቃል።

ጥያቄ፦ ለራሴ የታዘዘልኝን ቅባት ልቀባት?

መልስ፦ ክሎትሪማዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ብቻ ያለበት ከሆነ ሐኪሙን አማክረው በትንሽ ቁስል ላይ በስሱ መቀባት ይቻል ይሆናል። ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት ግን መቅላቱን ለጊዜው እያስታገሠ ፈንገሱን ያስፋፋል። ቁስሉ ከበዛ በአፍ የሚሰጥ ኢትራኮናዞል ወይም ተርቢናፊን ያስፈልጋል፤ እርጉዝ ከሆነች አስቀድመው ይንገሩ። ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን (የባክቴሪያ መድኃኒት) ፈጽሞ አይስጧት፤ ፈንገስን አይነካም፣ የአንጀቷን ባክቴሪያዎች አዛብቶ ሊገድላት ግን ይችላል።

ጥያቄ፦ የልጄ ክንድ ላይ ክብ ሽፍታ ወጣ። ከእሷ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ጭርት ከእንስሳ ወደ ሰው ይተላለፋልና ልጅዎን ለሐኪም ያሳዩ፣ ቤት ውስጥ ጊኒ ፒግ መኖሩንም ይግለጹ። ጊኒ ፒጓን እስክትድን ድረስ በጓንት ይያዟት።

ጥያቄ፦ ድና ነበር፣ በወሩ ተመለሰባት።

መልስ፦ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማደሪያዋን ነው። የፈንገሱ ስፖር (የሚራባበት ጥቃቅን ዘር) ከተራገፈ ፀጉር ጋር ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። የእንጨት መጠለያውን ይጣሉ፤ ሌላውን በሳሙና አጥበው በተበረዘ በረኪና ያጽዱ፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋም አይመልሷት። አብሯት የሚኖር ጊኒ ፒግ ካለ፣ ምልክት ባይታይበትም አብሮ ይመርመር። ጊኒ ፒግ እንደ እኛው ቫይታሚን ሲን ራሷ ስለማትሠራ በየቀኑ የማያቃጥል ትኩስ ቃሪያ ወይም ሌላ የቫይታሚኑ ምንጭ ማግኘቷንም ይመልከቱ። መድኃኒቱን ደግሞ ፀጉሯ ስለበቀለ ብቻ አያቋርጡ፤ ማቆሚያውን የሚወስነው የሐኪሙ ድጋሚ ምርመራ ነው።