ትእዛዝ ይፈጸማል እንጂ አይፈጽምም

ጥያቄ፦ የዩኒክስ ሼል (ተጠቃሚው የሚጽፍለትን ተቀብሎ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም) መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ «ሲዲ» (cd)፣ ስለ ዳይሬክተሪ (የፋይል ማኅደር) መቀየሪያው፣ ስጽፍ «ዳይሬክተሪ ይቀይራል» ልበል ወይስ «ዳይሬክተሪ ቀይር»? ደግሞስ «ትእዛዝ» ነው «ትዕዛዝ»?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። «ትእዛዝ» በአልፋው እ ነው የሚጻፈው። ግሱ በግእዝ «አዘዘ» ነው፤ አዛዥም፣ ታዛዥም፣ እዝም ከዚያው ይወጣሉ። ታዲያ ዐይኑ ዕ ከየት መጣ? ከጎረቤት ይመስለኛል። «ትዕቢት» ከ«ዐብየ»፣ «ትዕግሥት» ከ«ተዐገሠ» ስለሚወጡ ዐይን ይገባቸዋል። «ትእዛዝ»ም በመልክ ስለሚመስላቸው አብሮ ተነድቷል።

«ድምፁ አንድ ከሆነ ፊደሉ ምን ያጣላል?» የሚሉ አሉ። ለሰው ጆሮ እውነት ነው። ግሬፕ የተባለው የጽሑፍ መፈለጊያ ፕሮግራም ግን ጆሮ የለውም። ኮምፒውተር ለፊደላት ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ እ እና ዕ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው፣ አንዱን ሲፈልጉ ሌላውን አያመጣልዎትም። ለነገሩ ዐይኑ አሸንፏል፤ በየጋዜጣው በየደብዳቤው የምናየው እሱን ነው። ደስ ባይለኝም ቀይ እስክሪብቶ አላነሳበትም። ብቻ አንዱን ይዘው ይጨርሱ።

ወደ ግሱ እንሂድ። «ቀይር» አይበሉ። የአማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ ጾታና ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው፦ ቀይር፣ ቀይሪ፣ ቀይሩ። ማንን ነው የሚያዙት? አንባቢውን ነው ሼሉን? «ሲዲ ይቀይራል»ም ቢሆን አልተዋጠልኝም። ትእዛዝ ይፈጸማል እንጂ አይፈጽምም። በሲዲ ሠሪው ሼሉ ነው።

ይህን የሰዋስው ቅንጦት የሚያደርጉት አሉ። አይደለም። «ኤልኤስ» (ls) ብለው ሲጽፉ ሼሉ ልጅ ፕሮሰስ (ከእሱ የሚወለድ ሌላ የሥራ ሂደት) ይፈጥርና ፕሮግራሙን ያስነሳል፤ ፋይሎቹን የሚዘረዝረው ፕሮግራሙ ነው። ስለዚህ «ኤልኤስ ይዘረዝራል» ልክ ነው። ሲዲ ግን እንዲህ ሊሆን አይችልም። ልጁ የራሱን ዳይሬክተሪ ቢቀይር ወላጁ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ ዴኒስ ሪቺ እንደጻፈው፣ ዩኒክስ ላይ ፎርክ (ልጅ ፕሮሰስ መፍጠሪያው) ሲጨመር የዳይሬክተሪ መቀየሪያው ትእዛዝ መሥራት አቁሞ ነበር። ሼሉ ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። አማርኛ ደግሞ ልዩነቱን በአንዲት ፊደል ይገላገለዋል፦ በኤልኤስ ሼሉ ያሠራል፣ በሲዲ ራሱ ይሠራል።

«ኤኮ» (echo)፣ የተሰጠውን ጽሑፍ መልሶ የሚያሳየው፣ ትንሽ ያስቸግራል። ብዙ ሲስተሞች ላይ በሼሉ ውስጥም አለ፣ ለብቻው ፕሮግራም ሆኖም አለ፤ ስሙን ብቻ ከጻፉ ቅድሚያ የሚያገኘው የሼሉ ነው። የትኛውን እንደሚገልጹ እዚያው ይናገሩ።

እነዚህን ሼሉ ውስጥ ያሉትን «አብሮ የተሠራ ትእዛዝ» የሚሏቸው ይበዛሉ። እኔ «ቤተኛ ትእዛዝ» እላለሁ። ማስረጃ አይጠይቁኝ፤ ይጥመኛል።

ፕሮግራመሮች ሲያወሩ «ሲዲ ይቀይራል» ማለታቸውን የሚያስቆም የለም፤ እኔም አልሞክርም። ለመመሪያዎ ግን እንዲህ ቢሉ እመርጣለሁ፦

«ሲዲ፦ ሼሉ የራሱን የሥራ ዳይሬክተሪ ወደተሰጠው ይቀይራል። ምንም ካልተሰጠው ሆም የተባለው ተለዋዋጭ ወደሚያመለክተው ይሄዳል። ከተሳካለት 0፣ ካልተሳካለት ከ0 የሚበልጥ ቁጥር ይመልሳል።»