የቀረውን እንዴት ልመንህ?

ውድ ወጣት ጸሐፍት፣

በየጊዜው ከምታቀርቡልኝ ጥያቄዎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣው «አንባቢ እንዴት ላብዛ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሳይነበብ እንዲቀር ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም። እኔን ግን ከአርባ ዓመት በላይ ስጽፍና የሌሎችን ጽሑፍ ሳርም ከቆየሁ በኋላ የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ አንባቢው የመጀመሪያውን አንቀጽ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ስለ ምን ብሎ ያምናችኋል?

በሃያዎቹ ዕድሜዬ ስለ ንብ አንድ መጣጥፍ ጽፌ ነበር። ቋንቋው ያማረ እንደነበር ዛሬም አምናለሁ፤ የሠራተኛዋን ንብ ትጋት ለማድነቅ ስል ግን «ዓመቱን ሙሉ ስትደክም ኖራ ትሞታለች» ብዬ አሰፈርሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእርሳስ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፉት በዕድሜ የገፉ ንብ አናቢ ነበሩ። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ሠራተኛ ንብ በሕይወት የምትቆየው ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ እንደሆነ ከገለጹልኝ በኋላ «ልጄ፣ ቀፎ ተከፍቶ አይተህ ታውቃለህ? ይህን ከሳትህ የቀረውን እንዴት ልመንህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የቀረው በሙሉ ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑ ግን ምንም አልጠቀመኝም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው አሪስቶትል ንግግር ሰውን የሚያሳምንባቸውን መንገዶች ሲለይ፣ ከማስረጃውና ከአድማጩ ስሜት ጎን የተናጋሪውን ጠባይ አስቀምጧል። ለእናንተ ይበልጥ የሚበጃችሁ ግን ያከለበት ነገር ነው፤ ይህ አመኔታ አድማጩ ስለ ሰውየው አስቀድሞ ከያዘው ግምት ሳይሆን ከንግግሩ ከራሱ መምጣት አለበት ይላል። ስለዚህ ስም የለኝም ብላችሁ አትስጉ። ከስም በፊት የሚጻፍ ማዕረግ ደጅ ያስከፍት ይሆናል እንጂ አስገብቶ አያስቀምጥም፤ አንባቢ የሚመዝናችሁ እዚያው ገጹ ላይ፣ በያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ነው።

እስቲ «እንደሚታወቀው» የሚለውን የተለመደ መነሻ እንመልከት። በእጄ ካለፉት የጀማሪ ጽሑፎች ስንቶቹ በዚህ ቃል እንደጀመሩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ነገሩ በእርግጥ የሚታወቅ ከሆነ መጻፉ ለምን አስፈለገ? የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ አንባቢውን «አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው» ብሎ እንደ ማሳፈር ነው። «ይባላል»፣ «ይታመናል»፣ «ጥናቶች ያሳያሉ» የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ማን አለ፣ ማን አመነ፣ የትኛው ጥናት የሚለውን በአንድ ቃል ይሸፍኑታል። ቋንቋችን ለዚህ ዓይነቱ መሸሸጊያ እጅግ ይመቻል፤ እንደ «ተባለ» እና «ታመነ» ያለው፣ አድራጊውን የሚሰውረው የ«ተ» ግስ ከጸሐፊው ላይ ኃላፊነትን በቀላሉ ያነሣለታል። ዛሬ የሰው ጽሑፍ ሳርም እነዚህን ቃላት አሰምርባቸውና ከኅዳጉ ላይ «ማን?» ብዬ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ጸሐፊ ይቀየመኛል።

በምትኩ «አየሁ»፣ «ነገሩኝ»፣ «አነበብሁ» እና «ይመስለኛል» የሚሉትን አራት ግሶች ለየብቻ፣ በየቦታቸው ተጠቀሙባቸው። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ነገሩኝ፣ የገመተውን ይመስለኛል የሚል ጸሐፊ የዕውቀቱን ወሰን ለአንባቢው በግልጽ ስላሳየ፣ ከወሰኑ ውስጥ ያለውን በድፍረት ሲናገር ይታመናል። ብዙ ወጣቶች «ይመስለኛል» ማለት ድክመት ሆኖ ይታያቸዋል። ድክመት የሚሆነው በየመስመሩ ሲገባ ነው፤ በቦታው ሲገባ ግን ሌላውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ያጠነክረዋል።

የሚቃረናችሁን ሐሳብም አትደብቁ። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የገዛ ንድፈ ሐሳቡ የሚገጥሙትን ችግሮች የሚያነሣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አስገብቷል። ከሐሳቡ ጋር የሚጋጭ ነገር ባጋጠመው ቁጥርም ወዲያው የመመዝገብ ልማድ ነበረው፤ የሚቃረን ነገር ከሚደግፈው ይልቅ ቶሎ ከአእምሮ እንደሚጠፋ አስተውሎ ነበርና። አንባቢ ሊያነሣው የነበረውን ተቃውሞ ቀድማችሁ፣ ሳታዛቡ ካነሣችሁለት ከእናንተ ጋር መከራከሩን ትቶ አብሯችሁ ያስባል።

ስለ ስህተት ስናነሣ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1920 የሮኬት ተመራማሪውን ሮበርት ጎዳርድን የተሳለቀበት ርእሰ አንቀጽ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ባዶ ጠፈር ውስጥ ሮኬት የሚገፋው ነገር ስለሌለ ሊሠራ አይችልም፤ ሰውየው በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ዕውቀት እንኳ የያዘ አይመስልም የሚል ነበር። ጋዜጣው መሳሳቱን አምኖ ያረመው አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ በመጓዝ ላይ ሳለ፣ ጁላይ 17 ቀን 1969 ነው። ጎዳርድ ከሞተ 24 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከስህተቱ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ የድምፁ ቃና ነው፤ የፊዚክስ ስህተት ይታረማል፣ ንቀት ግን እርማት የለውም። እናንተ ስትሳሳቱ ስህተቱ በታየበት ስፍራ፣ በቶሎ፣ ያለ ሰበብ አርሙ። «አንዳንድ አንባቢዎች በተሳሳተ መንገድ ተረድተውት ሊሆን ስለሚችል» የሚል እርማት ጥፋቱን ወደ አንባቢው ያዞራልና እርማት አይባልም።

ከአንባቢ ጋር ስለ መቀራረብ የሚነገረው ብልሃት ብዙ ቢሆንም በእኔ ልምድ ሁለት ነገር ይበቃል። ስትጽፉ ሕዝብን ሳይሆን አንድ ሰውን አስቡ፤ አስተዋይ የሆነ፣ ነገር ግን የእናንተን ሙያ የማያውቅ ሰው ይሁን። ከጨረሳችሁ በኋላ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ አንባቢም የሚደክምበት ነው።

ወደ ንብ አናቢው ልመለስ። እርማቴን ካሳተምሁ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ቀፎ ሲከፍቱ አየሁ። በጭስ ማጨሻው ሁለት ሦስት ጊዜ እፍ ካሉበት በኋላ የቀፎው ጩኸት ረገበ፤ የማር እንጀራውን በቀስታ አንሥተው ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ንቦቹ ጣታቸው ላይ እየተራመዱ አንዱም አልነደፋቸውም። ተመልሼ ያየሁትን ሁሉ ጻፍሁ፤ ኮርቼበትም ነበር። በወሩ ያችው በእርሳስ የምትጻፍ ደብዳቤ መጣች። ጭሱ ንቦቹን «እንደሚያስተኛቸው» መጻፌን ጠቅሰው፣ ጭስ የንቦቹን የአደጋ ምልክት ሽታ ስለሚሸፍነውና ማር እንዲሞሉ ስለሚያደርጋቸው ነው እንጂ አንዲትም ንብ እንዳልተኛች አስረዱኝ። መርገባቸውን አይቼ ነበር፤ መተኛታቸውን ግን ገምቼ «አየሁ» አልሁ። በዚህኛው ደብዳቤ ላይ ግን «እንዴት ልመንህ» የሚል ቃል አልነበረም። የዘጉት «የሚቀጥለው መቼ ይወጣል?» ብለው ነው።