ክርስቲያን ያልሆነችው ጓደኛዬ ትድናለች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለብዙ ዓመት አብራኝ የሠራች ጓደኛ አለችኝ። ሃይማኖቷ ሌላ ነው። ትጸልያለች፣ ትጾማለች፣ የተቸገረ ሰው አይታ አታልፍም። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ትሻላለች። በቀደም ዕለት «እንደ እናንተ ከሆነ እኔ ገሃነም ነኝ ማለት ነው?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ሁሉም ሃይማኖት ወደ አንዱ አምላክ አያደርስም ወይ? ምን ልበላት?

መልስ፦ እኅቴ፣ እዚህ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱ «የሚያድነው ማነው?» የሚል ነው። ሌላው «እሷ ትድናለች ወይ?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልስ ተሰጥቶናል። ሁለተኛው ግን በእኛ እጅ አይደለም።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልጨርሰው። ጌታ «በእኔ በቀር ወደ አብ የሚመጣ የለም» ብሏል (ዮሐ. 14፥6)። ቅዱስ ጴጥሮስም «መዳንም በሌላ በማንም የለም» አለ (ሐዋ. 4፥12)። ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይቻልም።

«ሁሉም ሃይማኖት ያው ነው» የሚለው አባባል ደግነት ይመስላል። እኔ ግን ንቀት አለበት እላለሁ። ቡድሂስት የሚመኘው ከመወለድና ከመሞት ዙር መውጣትን ነው። እስልምና ኢየሱስን ነቢይ ብሎ ያከብራል፣ መሰቀሉን ግን አይቀበልም። እኛ ደግሞ የዳንነው በዚያ መስቀል ነው እንላለን። «ያው ነው» የሚል ሰው ሁሉንም ተቀብሎ ሳይሆን አንዱንም በቅጡ ሳያዳምጥ ነው።

ወደ ከባዱ እንምጣ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ቆርኔሌዎስ በቂሣርያ የነበረ ሮማዊ የመቶ አለቃ ነው። አይሁዳዊ አይደለም፣ ክርስቲያንም ገና አልሆነም። ይጸልያል፣ ይመጸውታል። ልክ እንደ ጓደኛሽ። መልአኩ መጥቶ ምን አለው? «ጸሎትህና ምጽዋትህ በእግዚአብሔር ፊት ለመታሰቢያ እንዲሆን አረገ» አለው። ማለትም ጸሎቱ ተሰምቷል፣ ከንቱ አልቀረም። ግን መልአኩ «እንግዲህ ይበቃሃል» ብሎት አልሄደም። ወደ ኢዮጴ ሰው ላክ፣ በቁርበት ፋቂው ስምዖን ቤት ያለውን ጴጥሮስን አስጠራ አለው። ለምን? «አንተና ቤትህ ሁላችሁ የምትድኑበትን ነገር» እንዲነግረው ነው (11፥14)። መልአኩ ራሱ ሊነግረው ይችል ነበር እኮ! ወንጌሉን መናገሩን ግን ለሰው ተወው።

ጴጥሮስም ያን ቀን ተምሯል። «እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንዳያዳላ» አስተዋልሁ ያለው እዚያ ቤት ገብቶ ነው።

ወንጌልን ሳይሰማ፣ ወይም በትክክል ሳይሰማ የሞተስ? እዚህ ላይ ክርስቲያኖች አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ፣ ከክርስቶስ በፊት እንደ ግሪኩ ፈላስፋ ሶቅራጥስ በቃሉ (በሎጎስ፣ ማለትም ሁሉ በተፈጠረበት በመለኮታዊው ቃል) የኖሩትን ክርስቲያኖች ናቸው እስከማለት ደርሷል። በ3ኛው መቶ ዘመን ጳጳስ የነበረውን የቅዱስ ቆጵርያኖስን «ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መዳን የለም» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ይጠቅሳል። እሱ ግን ክርክሩ ከቤተ ክርስቲያን ተለይተው ከወጡት ጋር ነበር እንጂ ወንጌል ስላልደረሰው ሰው አልነበረም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1964 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ያለ ጥፋቱ ወንጌልን ያላወቀ፣ በጸጋ ተረድቶ እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልግ ሰው ሊድን ይችላል አለች። በ1974 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ የተሰበሰቡት ወንጌላውያን ደግሞ ክርስቶስ በሁሉም ሃይማኖት እኩል ይናገራል የሚለውን አጥብቀው ተቃወሙ። ከእነሱም መካከል ቁርጥ አድርገው «ያልሰማ ሁሉ ይጠፋል» የሚሉ አሉ፣ ለእግዚአብሔር ምሕረት እንተወው የሚሉም አሉ።

እኔ ወደ መጨረሻው አደላለሁ። እግዚአብሔር «ሰዎች ሁሉ ሊድኑ» የሚወድ ነው (1ጢሞ. 2፥4)። ጓደኛሽ ከዳነችም የሚያድናት ደግነቷ ወይም ሃይማኖቷ ሳይሆን ክርስቶስ ነው፤ እኔንም ቢሆን የሚያድነኝ መምህርነቴ አይደለም። አብርሃም «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሎ ጠይቋል። ፍርዱን ከእሱ ቀድመን ለመስጠት የሚያጣድፈን ምንድን ነው?

አንድ ሰው ጌታን «የሚድኑ ጥቂቶች ናቸውን?» ብሎት ነበር (ሉቃ. 13)። ቁጥር አልነገረውም። «በጠበበው በር ለመግባት ተጋደሉ» ብሎ ጥያቄውን ወደ ጠያቂዎቹ መለሰው።

ለጓደኛሽ እንግዲህ እንዲህ በያት፦ «ማን ገሃነም እንደሚገባ እኔ አልወስንም። የማምነውን ግን ልንገርሽ፤ የሚያድነው ክርስቶስ ነው፣ አንቺንም ይወድሻል።» ከዚያ ዝም በይ። ልትከራከር ብትነሳ አትከተያት። ተጨማሪ ከጠየቀችሽ የሉቃስን ወንጌል አብራችሁ ጀምሩ። ስለ ራሷ እምነት ስትነግርሽም አታቋርጫት፣ እስክትጨርስ ስሚያት።