የመኪናውን በር ቀስ ብለው ይዝጉ

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ 61 ዓመቴ ነው። ልጄ ከጀርመን ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ልኮልኝ ክረምቱን በረንዳዬ ላይ ሆኜ ዋኔና ቁራ ሳይ ከረምኩ። አሁን በኅዳር ገደልና በረሃ ያለበት አገር ሄጄ ወፍ ማየት አምሮኛል። ያለኝ አራት ቀን ነው። ጎረቤቶቼ «ለወፍ ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ?» እያሉ ይስቁብኛል። የት ልሂድ? ስንት ዓይነትስ አያለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እትዬ፣ ይሳቁ ተዋቸው። እኔም ወፍ ተመልካቾችን በመኪና ማመላለስ ስጀምር በሆዴ እስቅ ነበር። 19 ዓመት ከነዳሁ በኋላ ግን ጎሕ ሳይቀድ እንግዶቼን የምቀሰቅሰው እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ ወደ ገደሉ ይሂዱ። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አፋፉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ፤ አሞራ ከእግርዎ በታች ሲያንዣብብ ጀርባውን የሚያዩት እንዲህ ካለ ቦታ ነው። ከአገጩ ሥር ጺም ያለውን ካዩ ዓይንዎን አይንቀሉ። አጥንት ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፣ ሲሰበር ወርዶ ቅልጥሙንም ስብርባሪውንም ይውጠዋል።

በማግስቱ በሙከጡሪና በለሚ በኩል አድርገው ወደ ጀማ ሸለቆ ይውረዱ። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ፣ ዓይኑ ዙሪያውን የቀላ፣ ደረቱ በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረ ቆቅ አለ፤ የሃርውድ ቆቅ ይሉታል። ንቁ ሰው «ቆቅ» የሚባለው በከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ እንግዳዬ ከማሽላ ማሳ ዳር አንድ ሰዓት ሙሉ ተንበርክኮ ሲጠብቅ ቆየና ቆቁ አንገቱን ብቅ አደረገ። እኔ ውኃ ላቀብለው ወርጄ የመኪናውን በር ጓ አድርጌ ዘጋሁት። ሰውዬው አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎ ጉልበቱን አራገፈ። ከዚያ ወዲህ በር የምዘጋው በሁለት እጄ ነው።

ሦስተኛው ቀን አብዛኛው በመንገድ ያልቃል። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በረሃ ስልዎ የአሸዋ ክምር እንዳይጠብቁ፤ ግራር፣ ቁጥቋጦና የደረቀ ሣር ነው፤ ሳላም ይግጥበታል። እኔ በጣም የምወደው እዚያ ሜዳ ላይ በዝግታ የሚራመድ፣ ቁመተ ረጅም፣ ግራጫ ትልቅ ወፍ አለ፤ ፈረንጆቹ ኮሪ ባስታርድ ይሉታል። አንዳንዴ ንብ በል የሚባል ደማቅ ቀይ ትንሽ ወፍ ጀርባው ላይ ጉብ ብሎ ይሄዳል። ትልቁ ሲራመድ ከሣሩ አንበጣ ይነሣል፤ ትንሹ ብር ብሎ ይቀልብና ተመልሶ ይሳፈራል። ሒሳብ የማይከፍል ተሳፋሪ!

ስንት አያለሁ ላሉት፣ በፓርኩ ከ450 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። እርስዎ ግን ዝርዝር ይዘው አይሩጡ። ሲቆጥሩ የዋሉ እንግዶቼ ማታ የሚያወሩት ስለ ቁጥሩ ነበር፤ አንድ ግራር ሥር የተቀመጡት ስለ ወፎቹ ያወሩ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይመልከቱ፤ ፀሐይ ስትበረታ ወፉም ጥላ ይፈልጋል። ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይውጡ።

ከመነሣትዎ በፊት በሁለቱም አቅጣጫ የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቁ። የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ በ2017 ዓ.ም በተደጋጋሚ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናውጧልና ፓርኩ ጋ አስቀድመው ይደውሉ። የሚታጠፍ ወንበርም ይያዙ።

የልጅዎን መነጽር ደግሞ ከመኪና ሳይወርዱ ማሰሪያውን አንገትዎ ላይ ያጥልቁ። የአንዱ እንግዳዬ ደብረ ሊባኖስ አፋፍ ላይ ከእጁ አምልጦት፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ሲወርድ ድምፁ እስኪጠፋ ቆመን ሰምተነዋል።