መልስ፦ የሠራተኛ ማኅበር የአንድ ፓርቲ አገዛዝን መጣል ይችላል?

«የሠራተኛ ማኅበር ስለ ደመወዝ ከመከራከር አልፎ የአንድ ፓርቲ አገዛዝን ሊጥል ይችላል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ ይችላል። ሰው ሁሉ «ሶሊዳሪቲ» የተባለው የሠራተኛ ማኅበር ይህን ያደረገባትን ፖላንድን ይጠቅሳል። እኔ ግን ዛምቢያን እይ እላለሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሌሎቹን ፓርቲዎች በሙሉ አገዱ። የሠራተኛ ማኅበራቱ ግን ቀሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ በአብዛኛው ከመዳብ ነው፤ ማዕድን ቆፋሪው እጁን ካጠፈ መንግሥት ይጨንቀዋል። በዚያ ላይ መዋጮው በቀጥታ ከደመወዝ ስለሚቆረጥ ገንዘብ አላቸው፣ በየከተማው ቅርንጫፍ አላቸው። ፓርቲው ሊጠቀልላቸው ቢሞክርም አልሆነለትም። የማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን መሪ ፍሬድሪክ ቺሉባ በ1981 ከጓዶቻቸው ጋር ታስረው ተፈቱ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ ስም አወጣላቸው።

ከዚያ ሰኔ 1990 የበቆሎ ዱቄት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲጨምር ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በወሩ ብዙ ፓርቲ ይፈቀድ የሚለው የመድበለ ፓርቲ ንቅናቄ ተመሠረተ። ምሁሩም ነጋዴውም ገብቶበታል፤ እስከ ገጠር የሚዘልቀውን መረብ ያመጣው ግን ማኅበሩ ነው ባይ ነኝ። በጥቅምት 1991ዱ ምርጫ የንቅናቄው እጩ ቺሉባ ሦስት አራተኛ ገደማ ድምፅ አገኙ። ካውንዳም ሽንፈታቸውን ተቀብለው በሰላም ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ያስተዛዝባል። የቀድሞው የሠራተኛ መሪ የመንግሥት ድርጅቶችን፣ ማዕድኑን ሳይቀር፣ ወደ ግል አዞሩ፤ ብዙ ሠራተኛም ከሥራ ወጣ። በ2001 ሦስተኛ የፕሬዚዳንትነት ዙር ሲያምራቸው ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት፣ ጠበቆችና የሴቶች ማኅበራት ተባብረው አስቆሟቸው።